የሚተነፍሰው እንግዳ

«ይተነፍሳል ነው የምትለኝ?»

«ይተነፍሳል እንጂ። መተንፈሱን ያቆመ ዕለት ነው መፍራት።»

ራቢያ ከመጋረጃው ወዲህ ሆና የሰማችው ይህን ያህል ነው። ጠያቂው አባቷ ነበሩ፤ መላሹ ደግሞ ከአዲስ አበባ የመጣ ድምፀ ጎርናና ሰው። ሰውየው ቀጥሎ ስለ አፍ አንድ ነገር ተናገረ፤ አባቷም ሳቁ። ከዚያ ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ጀመረና የቀረውን ወሬ ዋጠው። ያኔ ገና ትምህርት ቤት አልገባችም። በማግስቱ ጓዳው ጥግ ላይ ሆዱ ሰፊ፣ አንገቱ ጠባብ፣ እንደ መስታወት የሚያበራ ዕቃ ቆሞ ስታይ ውስጡ እንስሳ የተኛ መሰላት። ስንት ቀን በሩ ላይ ተለጥፋ ትንፋሹን አዳምጣለች።

ቤተሰቡ ዕቃውን «እንግዳው» ይለዋል። የራሱ ክፍል አለው፤ ማንም አይነካውም፤ አባቷ አቶ ሀሰኖም እሱን ሳይጠይቁ ከቤት አይወጡም።

ዛሬ ራቢያ ዘጠነኛ ክፍል ደርሳለች፤ እንግዳው ምን እንደሆነም ታውቃለች። አባቷ የግብርና ቢሮ ሠራተኛ ናቸው፤ በየገበሬው መንደር እየዞሩ ላሞችን ከምርጥ ኮርማ ዘር ጋር ያዳቅላሉ። ዘሩ ከአዲስ አበባ የሚመጣው በቀጫጭን ቱቦዎች ተሞልቶ ነው፤ የሚቀመጠውም እዚያ ዕቃ ውስጥ፣ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ተነክሮ። የዚያ ፈሳሽ ብርድ የአሰላን ውርጭ ያስንቃል። ከሞቀ ዘሩ ይሞታል። የቢሮው መጋዘን ጣሪያ ስለሚያፈስ ዕቃውን ቤታቸው ያሳድሩታል፤ ናይትሮጅን የሚሞላው መኪና ደግሞ ሲመቸው ነው የሚመጣው።

እንግዳውን እንደገና እንግዳ ያደረገባት ራዲዮ ነው።

ዘመኑ 1975 ነበር፤ ጥር ሊያልቅ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። ራቢያ ከመግሪብ ሶላት በኋላ የአባቷን ራዲዮ ድምፅ ቀንሳ ጆሮዋን ትለጥፍበታለች። አንድ ምሽት አንድ የውጭ ጣቢያ በአማርኛ ስለ አዲስ ሳተላይት ተናገረ። አሜሪካ፣ ሆላንድና እንግሊዝ ተባብረው ያመጠቋት ቴሌስኮፕ ናት። የምትፈልገው ብርሃን ሳይሆን ሙቀት ነው፤ በአቧራ ተሸፍነው የማይታዩትን፣ ገና በመወለድ ላይ ያሉትን ከዋክብት በሙቀታቸው ታገኛቸዋለች። ይህንን ሁሉ ራቢያ በደስታ ሰማች። ቀጥሎ የመጣው ግን ከተቀመጠችበት አስነሳት፤ ቴሌስኮፗና መሣሪያዎቿ ሁሉ የተቀመጡት በአንድ ትልቅ ፔርሙዝ ውስጥ ነው፤ ዙሪያቸውንም ፈሳሽ ሂሊየም ከቧቸዋል።

ራቢያ ወደ ጓዳው ሄዳ እንግዳውን አየችው። አፉን ላላ አድርጎ ከከደነው ቡሽ ዙሪያ ቀጭን ነጭ ጉም እንደ ወትሮው ይወጣል። የዚህ ዕቃ ዘመድ ሰማይ ላይ እየዞረ ነው ማለት ነው።

በማግስቱ የሰማችውን ለተሻለች ነገረቻት። ተሻለች ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብራት የተቀመጠች ጓደኛዋ ናት፤ የጠላ ነጋዴዋ የወይዘሮ ብርቄ ልጅ። ምላሷ ሾል ያለ ነው።

«ቆይ ቆይ» አለች ተሻለች፣ «ሰማይ ላይ ብርድ አይደለም እንዴ? ብርድ አገር ማቀዝቀዣ ይዞ መሄድ ምን ይባላል? በቆጂ ሄደሽ በረዶ እንደመሸጥ እኮ ነው።»

ሁለቱም ሄደው የሳይንስ ክበቡን ኃላፊ፣ የፊዚክስ አስተማሪያቸውን መምህር ገብረ መድህንን ጠየቋቸው። መምህሩ ጠመኔ አንስተው ሰሌዳው ላይ ዕቃ በዕቃ ውስጥ ሣሉ።

«ይሄ ውጩ ግድግዳ፣ ይሄ ውስጡ። በመካከል አየር የለም፤ አየር ከሌለ ሙቀቱ የሚሻገርበት ድልድይ ጠፋ ማለት ነው። እንደ ብርሃን ሆኖ የሚመጣውን ሙቀት ደግሞ የሚያብረቀርቅ ስስ ንጣፍ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተነጥፎ ይመልሰዋል። ሂሊየሙ ከውስጥ፣ ቴሌስኮፗም በሂሊየሙ መሀል። የሰማዩ ብርድ ለምን አልበቃትም ላላችሁት፣ አንደኛ ፀሐይ አለች፣ ምድርም ራሷ ትሞቃለች። ሁለተኛ ደግሞ የሞቀ ነገር ሁሉ ሙቀቱን ይረጫል። አንቺም፣ እኔም፣ ይሄ ዴስክም። ሙቀት ፈላጊዋ ራሷ ከሞቀች የምታየው ማንን ነው?»

«ራሷን» አለች ራቢያ።

«ራሷን። ለዚህ ነው ከዚያ ወዲያ ብርድ የለም እስከሚባልበት ድረስ ሊያቀዘቅዟት የተነሱት።»

ተሻለች አንገቷን ነቀነቀች። ራቢያም ነቀነቀች፤ ግን ነገሩ ጭንቅላቷ ላይ ቀረ እንጂ ወደ ልቧ አልወረደም።

የወረደላት አንድ ቀን ንጋት ላይ ነው። ለሱብሒ ሶላት ውዱእ ለማድረግ ግቢ ወጣች። የአሰላ ውሃ በዚያ ሰዓት አጥንት ይሰብራል፤ ታጥባ ስትገባ ጣቶቿ የሷ አልመስል ብለዋት ነበር። ለሱጁድ ስትደፋ መዳፏ እናቷ ሰግደው ገና አሁን የተነሱበት ቦታ ላይ አረፈ። ሞቃት ነው። እናቷ የሉም፣ ሙቀታቸው ግን ተቀምጧል፤ ጉልበታቸው የት እንደነበረ፣ እጃቸው የት እንዳረፈ በመዳፏ ለይታ ልትከተለው ቻለች። ሶላቷን ጨርሳ፣ ምስጋናዋንም አድርሳ፣ እጇን ምድጃው ላይ በደንብ አሞቀች። እናቷን ቦታቸው ላይ ጥቂት እንዲቀመጡ ለምና፣ ሲነሱ ደግሞ ዳሰሰችው። ምንም። የሞቀው እጇ ታውሯል።

«ይቺ ልጅ ደህና ናት?» አሉ እናቷ።

ራቢያ ቁርሷን ሳትቀምስ ወደ ትምህርት ቤት ሮጠች።

መምህር ገብረ መድህን ሲሰሙ ሳቁና በግንቦቱ የሳይንስ ኤግዚቢሽን ላይ ቦታ ሰጧቸው። ሁለት ሳፋ ይቀርባል፤ አንዱ የሞቀ ውሃ፣ ሌላው ቀዝቃዛ። ጎብኚው አንዱን እጁን እዚህ፣ ሌላውን እዚያ ነክሮ ከቆየ በኋላ ሁለቱንም ለብ ያለ ጡብ ላይ ያሳርፋል። የቀዘቀዘው እጅ «ይሞቃል» ይላል፤ የሞቀው ይክዳል። ከዚያ ራቢያ ስለ ቴሌስኮፗ ታስረዳለች።

«ዕቃውንም ብናሳይ ጥሩ ነበር» አሉ መምህሩ አንድ ቀን። «አባትሽ ግን የሚፈቅዱ አይመስለኝም።»

አባቷ ቀድሞውኑ ከልክለዋል። ራቢያ ያለፈውን ሳምንት ሙሉ ለምናቸው መልሳቸው አንድ ነበር፦ «የመንግሥት ንብረት ነው፣ ጨዋታ አይደለም።» ይህንኑ ለመናገር አፏን ስትከፍት ተሻለች ቀደመቻት።

«ፈቅደዋል ቲቸር። ትናንት።»

መምህሩ ወደ ራቢያ ዞሩ። «እውነት?»

ራቢያ ዝም አለች። ዝምታዋን እሺታ አድርገው ወሰዱትና ፊታቸው በርቶ ሄዱ።

«ምን ነካሽ?» አለች ራቢያ ሲርቁ።

«ኧረ ባክሽ፣ ፋራ አትሁኚ። ዓርብ ከሰዓት ዳይሬክተሩ ሁሉንም ዕቃ ያያሉ፤ ቅዳሜ ኤግዚቢሽን ነው። ቤተሰቦችሽ ደግሞ በቆጂ ለለቅሶ ይሄዳሉ አላልሽም? እሑድ ሲመለሱ እንግዳሽ ቦታው ላይ ቁጭ ብሎ ያገኙታል። ማን ይበላዋል?»

ራቢያ ትክክል እንዳልሆነ አውቃለች። ግን ያ የሚያበራ ዕቃ ጠረጴዛ ላይ ቆሞ፣ ጉሙ ሲፈስ፣ ሰው ሁሉ ከቦ «እንዲህ ያለው ነው ሰማይ ላይ ያለው?» ሲል ታያት። ያንን ካየች በኋላ ልቧን ልትመልሰው አልቻለችም።

ዓርብ ቀትር ላይ የጋሪ ነጂውን የቱፋን ጋሪ ጠሩ። ቱፋ ዕቃውን ሲያነሱ አገዟቸው፤ ፈረሱ ዘወር ብሎ ጉሙን አይቶ ጆሮውን አቆመ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ምንድነው የጫንሽብኝ? ይጨሳል እኮ።»

«ብርድ ነው ጋሼ ቱፋ።»

«ብርድ ይጨሳል?»

«ይጨሳል።»

«የአሰላ ብርድ አልበቃ ብሎን በጋሪ ደግሞ እናመላልስ ጀመር?» አሉና ልጓሙን ሳቡ። መንገዱ ኮረኮንች ነው። ጋሪው በዘለለ ቁጥር እንግዳው ጉሙን አብዝቶ ይተፋል፤ ራቢያም አቅፋው ሄደች።

ከትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት፣ አሮጌ ዴስኮች ከተደረደሩበት አስገቡት። ራቢያ ሳፋዎቹንና ውሃውን ልታመጣ ወጣች። ተሻለች ለብቻዋ ከእንግዳው ጋር ቀረች።

ተሻለች ሰነፍ ልጅ አይደለችም። ጉሙ ከቡሹ ዙሪያ ሲያመልጥ አየችና አዘነች። ብርዱ እኮ እያለቀ ነው። እናቷ ጠላ ስትጠምቅ የጋኑን አፍ እንዴት እንደምትመርግ ከልጅነቷ ጀምሮ አይታለች፤ ትንሽ ቀዳዳ እንኳን ከቀረ ሁሉም ነገር ተበላሸ ማለት ነው። ምርጊት ላይ ደግሞ በሰፈሩ የሷን እጅ የሚያህል የለም። ቡሹን ጠበቅ አድርጋ ገፋችው፤ በጨርቅ ሸፈነችው፤ ጨርቁን በሲባጎ አሰረች። ከዚያ ከጓሮ ጭቃ አምጥታ፣ ጭድ ቀላቅላ አቦካችና አፉን ዙሪያውን እያለሰለሰች መረገችው። የሠራችው ሥራ ያምር ነበር።

ራቢያ ውሃ ለማሞቅ ብዙ ቆየች። ሳፋውን ተሸክማ ስትገባ ተሻለች እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ፈገግ አለች።

«በይ አመስግኚኝ። ብርድሽ በሙሉ ሊያልቅ ነበር።»

ራቢያ መጀመሪያ ጭቃውን አላየችም። ያስደነገጣት ጉሙ አለመኖሩ ነው። ጆሮዋን አስጠጋች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ የምታውቀው ያ ቀጭን ሹክሹክታ የለም። ያ ጎርናና ድምፅ ከመጋረጃው ወዲያ ስለ መተንፈስ የተናገረው ባንዴ መጣላት፤ ስለ አፉ ያለው ነገር ምን እንደነበረ አሁንም አላስታወሰችውም፤ ማስታወስም አላስፈለጋት።

«ተሻለች፣ ውጪ።»

«ምን ሆንሽ?»

«ውጪ ስልሽ። ፈሳሹ ሁልጊዜ ይፈላል፤ ጋዙ ካልወጣ ዕቃው ይፈነዳል።»

ተሻለች ፊቷ አመድ መሰለ፤ ግን አልወጣችም። ራቢያ ረጅሙን መጥረጊያ አነሳች። ከዴስኮቹ ኋላ ተንበረከከች፣ ተሻለችን ጎትታ አጠገቧ አስቀመጠቻት፣ ቢስሚላህ ብላ በመጥረጊያው እንጨት ጭቃውን መታችው። አልተላቀቀም። ደግማ ሲባጎው ባለበት መታችው።

ጧ አለ። ቡሹ ከነጨርቁ ሽቅብ ተተኩሶ ቆርቆሮውን ደለቀው፤ ጭቃ እንደ ዝናብ ወረደ፤ ነጭ ደመና ክፍሉን ሞላው። ሁለቱም እየተጋፉ ወጡና ግድግዳው ሥር ተቀመጡ።

«የማን ጎማ ነው የፈነዳው?» ሲሉ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ከበሩ ላይ ተሰሙ።

ተሻለች ቅንድቧ ላይ ጭቃ ተለጥፎ አማተበች። ራቢያ አየቻትና ሳቅ አመለጣት፤ ተሻለችም ሳቀች።

ደመናው ሲጠራ ራቢያ ገባች። ቡሹን ዴስክ ሥር አገኘችው፤ ጠርጋ በልኩ፣ ሳታጠብቅ መለሰችው። አዳመጠች። ይተነፍሳል።

ዳይሬክተሩ ከመምጣታቸው በፊት በቱፋ ጋሪ ወደ ቤት መለሱት። ለመምህሩም ራቢያ ታመመች የሚል ወሬ ተሻለች ላከች። ጓዳ ውስጥ ራቢያ አባቷ እንደሚያደርጉት የመለኪያውን እንጨት ከትታ አወጣች። እንጨቱ ላይ የተጋገረው ውርጭ ፈሳሹ የደረሰበትን ያሳያል፤ ከትናንትናው በጣም ዝቅ ብሏል።

«ራሱ ተነነ ትያለሻ» አለች ተሻለች። «ማን አየን? እሑድ ድረስ ደግሞ ገና ሁለት ቀን አለ።»

ራቢያ እንጨቱን ቦታው መለሰችና ሸኘቻት።

እሑድ አልደረሰም። ቤተሰቦቿ አሰላ የሚመጣ የእህል መኪና አግኝተው ያንኑ ቀን ከመግሪብ በፊት ደረሱ። አቶ ሀሰኖ ጫማቸውን ሳያወልቁ ወደ ጓዳ ገቡ። እንጨቱን ሲያወጡ ራቢያ ከበሩ ላይ ቆማ ታያለች። ውርጩን ደጋግመው አዩት።

«ዛሬ እዚህ ሙቀት ነበር እንዴ?» አሉ።

መልሱን ራሱ የያዘ ጥያቄ ነበር። አዎ ብትል እዚያው ላይ ያልቅ ነበር።

«አባባ፣ እኔ ነኝ። ትምህርት ቤት ወስጄው ነበር።»

ሁሉንም ተናገረች፤ ውሸቱን፣ ዝምታዋን፣ ጋሪውን፣ ምርጊቱን። ስትጨርስ አባቷ መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ዕቃው አልነበረም።

«ፊታችሁን አፉ ላይ አድርጋችሁ ነበር?»

«የለም። ከዴስክ ኋላ ነበርን።»

«አልሐምዱሊላህ።» እንጨቱን አስቀመጡና ቁጭ አሉ። «ዘሩ ገና አልተነካም። መኪናው በሳምንቱ ካልመጣ ግን የነኢተያ፣ የነኦጎልቾ ገበሬ ላሙን ይዞ ሲመጣ ምን ልለው ነው? ልጄ ለጨዋታ ወስዳው ነው ልበል?»

«ለጨዋታ አልነበረም» አለች ራቢያ፤ እንባዋ መጣ። «እዚያ ላይ፣ ሰማይ ላይ፣ እንዲህ ያለ ዕቃ ውስጥ ነው ያስቀመጧት።»

«ማንን?»

ነገረቻቸው። በመጀመሪያ አንገታቸውን ደፍተው ነበር የሰሙት፤ የቴሌስኮፗ መሣሪያዎች ፈሳሹ መሀል እንደተቀመጡ፣ በግድግዳዎቹ መካከል አየር እንደሌለ ስትነግራቸው ቀና አሉ። የእንግዳውን ሆድ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት።

«ይሄው ራሱ ነው እኮ። እንደዚሁ ሁለት ግድግዳ ነው ያለው። እሷስ በምን ትተነፍሳለች?»

«ሂሊየሙ ቀስ እያለ እየተነነ በጠባብ መውጫ ወደ ጠፈር ይወጣል። ሲወጣ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። የሚያቀዘቅዛት የሚወጣው ነው።»

«ይሄንን ነው ያቺ ልጅ የመረገችው።»

«አዎ።»

«እሺ፣ ሲያልቅስ?»

«ትታወራለች። ዓመት ገደማ ይበቃታል ብሏል ራዲዮው።»

«የሚሞላላት መኪና የለማ» አሉ አቶ ሀሰኖ፤ ዓመታት ሙሉ መኪና ሲጠብቁ የኖሩ ሰው ናቸውና አዘኑላት። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። «ይሄንን ከሥራ ባልደረቦቼ ማን ያምነኛል።»

ከመግሪብ ሶላት ተነስተው ልጃቸውን ጠሯት። «ነገ ራሴ ይዤው እመጣለሁ፤ እኔው አጠገቡ ቆሜ፣ እኔው ይዤው እመለሳለሁ። ቡሹን ማንም አይነካም። ግን ስለ አፉ የምታስረዳው ጭቃውን የለጠፈችው ልጅ ናት። እሷ ካልመጣች አላመጣውም።»

ቅዳሜ ጠዋት ራቢያ የነተሻለችን በር አንኳኳች። ተሻለች የጠላ ማንቆርቆሪያ በእጇ ይዛ ወጣች፤ የአቶ ሀሰኖን ቃል ሰማችና ወደ ኋላ አፈገፈገች።

«ሰው ሁሉ ፊት? ሞቼ ነው። ‹ምርጊቷ› ብለው ስም ያወጡልኛል። አንቺ አስረጂ፤ አንቺ ነሽ ሳይንቲስቷ።»

«አባባ እንዲያ አላሉም።»

«እንዲያውም ሳፋዎቹ ይበቃሉ። እንግዳው ለምን ያስፈልጋል?»

«ሳፋዎቹ ለምን ቀዝቃዛ እጅ እንደሚያስፈልግ ያሳያሉ። እንዴት ቀዝቅዞ እንደሚቆይ ግን አያሳዩም። ያንን ካንቺ በላይ የሚያስረዳ የለም። የጠላ ጋን ለምን ይመረጋል፣ ይሄ ለምን አይመረግም፤ አሰላ ውስጥ ይሄ የማይገባው ሰው አለ?»

ተሻለች ማንቆርቆሪያውን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። «ቲቸርስ? ፈቅደዋል ብዬ ዋሽቼ ነበር ልበል? ታመመች ብዬም ልኬያለሁ።»

«እኔም ዝም ብዬ ነበር። አብረን እንገባለን።»

ከውስጥ ወይዘሮ ብርቄ ተሻለችን ተጣሩ። ተሻለች «መጣሁ» አለች፤ ግን አልሄደችም። መንገዱ ላይ ቆማ የትምህርት ቤቱን አቅጣጫ ተመለከተች። ልጆች በቡድን በቡድን ሆነው መሄድ ጀምረዋል።

«ሰው ሳይመጣ ለቲቸር እነግራለሁ፤ ቀድሜ» አለች በመጨረሻ። «ከዚያ አስረዳለሁ። ግን ስናገር አጠገቤ ትቆሚያለሽ፤ ደግሞ እንዳትስቂ።»

«አልስቅም።»

«ትስቂያለሽ» አለች ተሻለች፤ ማንቆርቆሪያውን ልታስቀምጥና ነጠላዋን ልታመጣ ገባች።